ግሪሳ ጊዜውን በምን ያውቃል?

ማርኬዝ ኦራዚዮ አንቲኖሪ ሸዋ የገባው በ1876 ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በማግስቱ ዓመት ንጉሥ ምኒልክ ከአንኮበር አጠገብ ሌት ማረፊያ የሚባለውን ቦታ ሰጡት፤ ስፍራውም የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር የጥናት ጣቢያ ሆነ። የአንቲኖሪ ሙያ ወፍ ነበር። በዘመኑ ወግ ወፍ ማጥናት ማለት ተኩሶ መጣል፣ ቆዳውን ገፎ በጥጥ መሙላት፣ የላባውን ቀለምና የክንፉን ርዝመት መዝግቦ ወደ አውሮፓ ቤተ መዘክር መላክ ነው። በ1882 እዚያው ሌት ማረፊያ ሞቶ እዚያው ተቀበረ። ከእሱ በኋላ ሐኪሙ ቪንቼንዞ ራጋዚ መሰብሰቡን ቀጠለ። ራጋዚ ከላካቸው መካከል ጉሮሮው ቢጫ የሆነ አንድ ትንሽ ዘር በል ወፍ ነበረ፤ ቱሪን የነበረው ሊቅ ቶማሶ ሳልቫዶሪ በ1888 ለሳይንስ አዲስ መሆኑን አስታወቀ። ከዚያ በኋላ ለአንድ መቶ ዓመት ያህል ያንን ወፍ አየሁ የሚል አልተገኘም። በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው ከአንኮበር ወደ ይፋት ቆላ በሚወርደው ድንጋያማ ቁልቁለት እንደገና የታየው።

የሌት ማረፊያ ሰዎች የወፉን ስምና መልክ ጠየቁ፤ መልስም አገኙ። የይፋት ቆላ ገበሬ ግን የወፍ ስም አልቸገረውም። የቸገረው መምጫው ነበር። ማሽላው ወተት ቋጥሮ እሸት ሊሆን ሲል ከግራሩ ሜዳ በኩል እንደ ጭስ እየተጠቀለለ የሚነሳ መንጋ አለ። ያ ግሪሳ ነው። ልጆች ጎህ ሳይቀድ ማማ ላይ ይወጣሉ፤ ወንጭፍ ይወነጨፋል፣ ጅራፍ ይጮኻል፣ ቆርቆሮ ይደበደባል። ግሪሳ አጥብቆ የሚበላው ጧትና አመሻሽ ላይ ስለሆነ ጠባቂው እኩለ ቀን ላይ ትንሽ ይተነፍሳል፤ ፀሐይ ወደ ተራራው ስታዘነብል እንደገና ይጮኻል።

ለብቻው ሲያዩት ኢምንት ነው። ክብደቱ 20 ግራም አይሞላም። ሊኔየስ በ1758 ለዝርያው ሳይንሳዊ ስም ሰጥቶታል፤ የኛን አካባቢ ዓይነት ደግሞ ስዊድናዊው ሱንደቫል በ1850 ከኢትዮጵያ ጋር በሚያያዝ ስም ለየው። የወንዱ መንቁር ቀይ ነው። የሴቷም እንዲሁ ቀይ ሆኖ ይከርምና የመራቢያዋ ወራት ሲደርስ ቢጫ ይሆናል። አንዱ ወፍ በቀን 10 ግራም ያህል እህል ይበላል። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ ሚሊዮን ግሪሳ ያረፈበት አገር በቀን 100 ኩንታል ያጣል። በአፍሪካ ውስጥ ደግሞ መንጋው በሚሊዮን ሳይሆን በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ነው።

ታዲያ ይህ ፍጥረት መቼ ጎጆ እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚፈለፍል፣ መቼ ማሽላ ላይ እንደሚወርድ በምን ያውቃል? ጥያቄው ይፋት ላይ ሲነሳ ይከብዳል። በይፋት ያለችው የሸዋ ሮቢት ከተማ የምትገኘው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10ኛው ዲግሪ ላይ ነው። በዓመቱ ውስጥ ረዥሙ ቀን በሰኔ 12 ሰዓት ከ43 ደቂቃ ያህል ነው፤ አጭሩ በታኅሣሥ 11 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ገደማ። ልዩነቱ 70 ደቂቃ ብቻ ነው። እኛ ከንጋት ጀምረን ሰዓት የምንቆጥረው፣ አንድ ሰዓት ማለትም ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለው ሰዓት የሆነው፣ ንጋት ዓመቱን ሙሉ ቦታውን ስለማይለቅ ነው። በዚያ ላይ ምዕራቡን የጣርማ በር ተራራ ስለሚጋርደው ቆላው ፀሐይን የሚሰናበተው ሰማይ ገና ብሩህ እያለ ነው። ከዚህ ጠባብ ልዩነት ወር ማንበብ የሚችል ወፍ ካለ ዓይኑ ሳይሆን አእምሮው ነው የሚደነቀው።

የዘመናዊው ታሪክ መነሻ ግን ልዩነቱ ሰፊ በሆነበት ሩቅ ሰሜን ነው። የሆላንድና የጃፓን ወፍ አርቢዎች የሳይንስ መጽሔት ሳያነቡ ነገሩን ያውቁት ነበር። ወፉን ለወራት ጨለማ ውስጥ ያኖሩትና ከዚያ ወደ ብርሃን ያወጡታል፤ ወይም ማታ ማታ ሻማ ያበሩለታል፤ ወፉም ያለ ወቅቱ መዘመር ይጀምራል። በ1920 ጋርነርና አላርድ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አንድ የትንባሆ ዓይነት የሚያብበው ቀኑ ሲያጥር መሆኑን አስረዱ። ዕፀዋት የቀን ርዝመት እንደሚያነቡ የታወቀው በትንባሆ ነው ማለት ነው፤ ይህ ተክል ከብዙ ዓመት በኋላ በሸዋ ሮቢት የመስኖ ማሳም ለምቷል።

ወፍ ላይ የመጀመሪያውን ጥርት ያለ ሙከራ ያደረገው ዊልያም ሮዋን ነው። ሮዋን በካናዳ፣ ኤድመንተን ከተማ፣ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። እዚያ በበጋ ቀኑ 17 ሰዓት ይደርሳል፤ በክረምት ከ8 ሰዓት በታች ይወርዳል። በ1924 መገባደጃ ወደ ደቡብ ሊሰደዱ የተዘጋጁ ጁንኮ የሚባሉ ትንንሽ ወፎች አጥምዶ በሁለት የወፍ ቤት አኖራቸው። አንደኛው ቤት ውስጥ አምፖል ሰቀለ፤ መብራቱም በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ እንዲጨመር አደረገ። ብርዱ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪን አልፎ ወረደ። አምፖል ያልበራላቸው ወፎች የመራቢያ ዕጢ እንደ ወቅቱ ኮስሶ ቀረ። አምፖል የበራላቸው ግን በዚያ ሐሩር በሌለበት አገር፣ በታኅሣሥ ወር፣ ዕጢያቸው እንደ ጸደይ ወራት አብጦ ተገኘ። ሙቀት አይደለም፣ ምግብም አይደለም፣ ብርሃን ነው ማለት ነው። ውጤቱም በ1925 ኔቸር በተባለው መጽሔት ታተመ። ሮዋን ራሱ ምክንያቱን ሲያስረዳ ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደ፤ ብርሃኑ ወፉን ነቅቶ እንዲንቀሳቀስ ስለሚያደርገው ነው ብሎ አሰበ። የቀለም ጉዳይ ገና አልተነሳም ነበር።

ቀለሙን ያነሳው ቢሶኔት ነው። በአሜሪካ፣ ኮኔቲከት፣ ስታርሊንግ የሚባሉትን ጥቁር ወፎች በተለያየ ቀለም መብራት ሥር ሲያኖር፣ በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ ቀይ ብርሃን የመራቢያ ዕጢን እንደሚያነቃ፣ አረንጓዴው ግን እንደማያነቃ አየ። ለምን ቀይ? ወፍ አረንጓዴ ሣርና አረንጓዴ ቅጠል መካከል እየኖረ ለምን አረንጓዴውን ቸል ይላል?

መልሱ በፈረንሳይ፣ ስትራስቡርግ፣ ከዳክዬዎች መጣ፤ ዋጋውንም የከፈሉት ዳክዬዎቹ ናቸው። ዣክ ቤኗ ዓይናቸውን አውጥቶ ብርሃን ሲያበራላቸው ዕጢያቸው እንደ ጤነኛው ዳክዬ አደገ። ዓይን የሌለው እንስሳ ቀኑ መርዘሙን አወቀ! ቤኗ በቀጭን የኳርትዝ ዘንግ ብርሃኑን በቀጥታ ወደ አንጎል ሥር፣ ሃይፖታላመስ ወደሚባለው ክፍል ላከው። ያኔ የቀዩ ምስጢር ተገለጠ። በጭንቅላት ላይ በውጭ ሲበራ ብርቱ ሆኖ የሚገኘው ቀዩና ብርቱካናማው ነው። በዘንጉ ውስጥ ገብቶ አንጎሉን ሲነካ ግን ሰማያዊውም ይሠራል። ይህን ከባልደረባው ከኦት ጋር በ1944 አሳተመ። ማታ የእጅ ባትሪ አብርቶ ጣትን ላዩ ላይ ያደረገ ሰው ሊቁ ያየውን ያያል። ጣቱ ቀልቶ ይበራል፤ ከነጩ ብርሃን መካከል ደምና ሥጋን ሰንጥቆ የሚያልፈው ቀዩ ነውና። የወፍ ራስ ቅል ደግሞ እንደ ወረቀት ስስ ነው። ፀሐይ የወፉን አንጎል በየቀኑ ትጎበኘዋለች።

እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ የሰሜን ወፍ ታሪክ ነው። የኛው ግሪሳ ወደ ታሪኩ የገባው በ1956 ነው። አንድ እጁን በልጅነቱ ያጣው አውስትራሊያዊ ጆክ ማርሻልና ታንጋኒካ ውስጥ ይሠራ የነበረው ጆን ዲዝኒ፣ ግሪሳን በረዘመ ብርሃን ሥር አኖሩት። ብዙ ሰው የምድር ወገብ ወፍ ቀኑ እኩል በሆነበት አገር ስለሚኖር ለብርሃን ግድ የለውም ብሎ ያምን ነበር። ግሪሳ ግን ግድ አለው። ዕጢው ፈጥኖ በሰለ። ሁለቱ ሰዎች በዚህ አልቆሙም። በማግስቱ ዓመት ባሳተሙት ሙከራ ሰው ሠራሽ ዝናብ እያጠጡ አረንጓዴ ሣር ባለበት የወፍ ቤት ውስጥ አኖሯቸው። የበሰሉ ወፎች ጎጆ ለመሥራትና እንቁላል ለመጣል ዝናብና ለጋ ሣር ይፈልጋሉ የሚለው ውጤት ከዚያ ወጣ። ወንዱ ጎጆውን የሚሸምነው ከለጋ አረንጓዴ ሣር ነው፤ የደረቀ ሣር ይሰበርበታል። እንግዲህ ብርሃን ያዘጋጃል፣ ዝናብ ያስጀምራል። ይህን የሥራ ክፍፍል ያገኘነው ከማሽላ ጠላታችን ነው።

ብራየን ሎፍትስ ደግሞ ከዚህ አንድ እርምጃ አለፈ። ግሪሳዎችን ቀኑም ሌሊቱም ሁልጊዜ 12 ሰዓት በሆነበት ክፍል ከዓመት በላይ አቆያቸው። የሚለወጥ ቀን የለም፣ ዝናብ የለም፣ ለጋ ሣር የለም። ሆኖም ዕጢያቸው በራሱ ጊዜ አበጠ፣ ኮሰሰ፣ እንደገና አበጠ። በ1964 ያሳተመው ጽሑፍ ግሪሳ በውስጡ የራሱ ዓመት አለው የሚል ነው። እኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የማደንቀው ይህን ሙከራ ነው። ወፉ የዘመን መቁጠሪያውን ይዞ ይወለዳል፤ ከውጭ የሚመጣው ብርሃን መቁጠሪያውን የሚያስተካክል ነው።

ሳይንቲስቶች ይህን ሲጽፉ መንግሥታት ስለ ግሪሳ የሚያስቡት ሌላ ነበር። በ1962 የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት አዲስ አበባ ላይ በተፈረመ ስምምነት ተመሠረተ፤ ሥራውም በኋላ ግሪሳን ጨመረ። የድርጅቱ አውሮፕላን የሚነሳው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ግሪሳ ለማደር በአንድ ጫካ ሲከማች ፌንቲዮን የሚባለው መርዝ ከላይ ይወርድበታል። ያደረው መንጋ በብዛት ይሞታል። የሞተውን የበላ ጭልፊትና ጥንብ አንሳም አብሮ ይሞታል። የሚቀጥለው ዓመት ግሪሳ ግን አይቀርም፤ ምክንያቱም ወንዱ ጎጆውን በጥቂት ቀን ይሸምናል፣ እንቁላሉ በ10 ቀን ገደማ ይፈለፈላል፣ ጫጩቱ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ከጎጆ ይወጣል። ከመጀመሪያው ሣር እስከ መብረር ስድስት ሳምንት አይሞላም። በዚህ ፍጥነት የሚራባን ፍጥረት ከሰማይ በሚወርድ መርዝ እጨርሳለሁ ማለት ወንዝን በእንስራ እንደ ማድረቅ መሆኑን ለመረዳት ሳይንቲስት መሆን አያስፈልግም።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ማይክል ሜናከር በቴክሳስ የቤት ድንቢጥ ይዞ ሌላ ነገር ጠየቀ። ዓመቱን ሳይሆን ቀኑን፤ ወፍ መቼ ነቅቶ መቼ እንደሚተኛ የሚወስነውን ሰዓት። ዓይን የሌላቸው ድንቢጦች በጣም ደብዛዛ መብራት ሲበራላቸውም ሰዓታቸውን ከመብራቱ ጋር አስማሙ። የአናታቸውን ላባ ሲነቅልላቸው ይበልጥ ደብዛዛውን እንኳ ተከተሉ። ከራስ ቆዳቸው ሥር ጥቁር ቀለም ሲወጋቸው ደግሞ ሳቱት። ምንም የተራቀቀ መሣሪያ ሳይኖር፣ በላባና በቀለም ብቻ፣ የወፍ ሰዓት የሚስተካከለው በራስ ቅሉ በኩል በሚገባ ብርሃን መሆኑ ተረጋገጠ። ከሱዛን ጋስተን ጋር በ1968 ያሳተመው ደግሞ ፓይኒያል የምትባለው የአተር ፍሬ እንኳ የማታክል ዕጢ ስትወጣ ድንቢጧ በጨለማ ውስጥ ጊዜዋ እንደሚዛባ ነው። በ1979 ከዚመርማን ጋር የሌላ ድንቢጥ ፓይኒያል ተከለባት፤ ከአዲሱ ዕጢ ጋር የሰጪው ወፍ ሰዓት አብሮ መጣ።

በዚያው ጊዜ ሌሎች ሰዎች አዋሽ ላይ ነበሩ። የሮቢ፣ የጀውሃና የአጣዬ ወንዞች ከይፋት ተነስተው ወደ አዋሽ ተፋሰስ የሚወርዱ ናቸው፤ ስለዚህ በዚያ ተፋሰስ ላይ የሚደረግ የግሪሳ ጥናት ሁሉ ይፋትን ይመለከታታል። ማይክል ጄገርና ዊልያም ኤሪክሰን ከ1976 እስከ 1979 በአዋሽ ተፋሰስ ወፎች በማሽላ ላይ ያደረሱትን ጉዳትና መራቢያ ቦታዎቻቸውን ማጥፋት ያመጣውን ውጤት መረመሩ። ከዚያ በላይ የሚያስደንቀው ቀጥሎ የመጣው ነው። አንድ ግሪሳ በስምጥ ሸለቆ ደቡብ ፈልፍሎ ዝናቡን እየተከተለ ወደ ሰሜን በመምጣት አዋሽ ላይ በዚያው ዓመት ዳግመኛ ይፈለፍል ይሆን? ለማወቅ መንጋውን ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል፤ ሚሊዮን ወፍ ግን እግሩ ላይ ቀለበት አይታሰርለትም። ስለዚህ መርዝ ይረጭ የነበረው አውሮፕላን የሚያበራ ዱቄት ረጨ። ዱቄቱ በቀን አይታይም፤ በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ግን በቀለሙ ይበራል። ሌላ ቦታ የተያዘ ወፍ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሲመረመር ላባው ላይ የብርሃን ነጠብጣብ ይታያል፤ ቀለሙም የት እንደተረጨ ይናገራል። በ1986 አይቢስ በተባለው የወፍ መጽሔት ላይ ጄገር፣ ብራገርስ፣ ጆንስና ኤሪክሰን ያወጡት ጽሑፍ የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ግሪሳ እየተዘዋወረ ለመፈልፈሉ ማስረጃ አቀረበ።

ፒተር ዋርድ ከዚያ በፊት በምዕራብ አፍሪካ ግሪሳን አጥንቶ የጉዞውን ሰበብ አስረድቶ ነበር። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል መሬት ላይ የተበተነው የሣር ዘር ይበቅላል፤ ግሪሳም የሚበላው ያጣል። ስለዚህ ቀደም ብሎ ወደ ዘነበበትና አዲስ ዘር ወደ ያዘ አገር ይበርራል። በኛ አገር ደቡቡ በበልግ ይዘንባል፣ አዋሽና ይፋት በክረምት። ክረምቱ ሲወጣ በቆላው የተፈለፈሉት ጫጩቶች መብረር ይጀምራሉ፤ ያን ጊዜ ማሽላው እሸት ነው። ማማ ላይ ያለው ልጅ የሚጮኸው በአብዛኛው ከተወለዱ ሁለት ወር ባልሞላቸው ወፎች ላይ ነው።

የሎፍትስ ግኝት በ1990 ሌላ ምስክር አገኘ። ጀርመናዊው ኤበርሃርድ ግቪነርና ዲታሚ ከኬንያ ያመጧቸውን፣ ስቶንቻት የሚባሉ ወፎች ቀኑ በማይለወጥበት ክፍል ለዓመታት አኖሯቸው። አንደኛው ከ7 ዓመት በላይ ላባውን እየለወጠ፣ ዕጢው እያበጠና እየኮሰሰ ቆየ፤ የእሱ "ዓመት" ግን 9 ወር ያህል ነበር። ከውጭ የሚያስተካክለው ባለመኖሩ ሰዓቱ ፈጠነ። በምድር ወገብ አካባቢ የምትታየው የጥቂት ደቂቃ ልዩነት ለዚህ ነው የምታስፈልገው፤ ያችን 70 ደቂቃ ወፉ ንቆ አያልፋትም። በ1998 ሚካኤላ ሀውና ባልደረቦቿ ፓናማ ውስጥ የሚኖር አንድ የጫካ ወፍ ቀኑ በ17 ደቂቃ ብቻ ሲረዝም ዕጢው እንደሚያድግ አሳይተዋል።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ብርሃኑን የሚቀበለውን ንጥረ ነገር ፍለጋ ነው፤ እዚህ ላይ የቀዩ ክብር ትንሽ ዝቅ አለ። በ1985 ፎስተርና ፎሌት በጃፓን ድርጭት ላይ እየለኩ፣ የራስ ቅሉና ሥጋው የሚያስቀሩትን ብርሃን ቀንሰው ሲያሰሉ፣ በአንጎል ውስጥ ያለው ተቀባይ ይበልጥ የሚወደው 492 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ሰማያዊ አረንጓዴ ብርሃን ሆኖ ተገኘ። ቤኗ ከ40 ዓመት በፊት በኳርትዝ ዘንጉ የጠረጠረው ትክክል ነበር። አንጎሉ ቀይ ስለሚወድ አይደለም ቀይ የሚሠራው፤ በሩን አልፎ በብዛት የሚገባው ቀይ ስለሆነ ነው። በ1994 በጃፓን እነ ኦካኖ ከዶሮ ፓይኒያል ውስጥ ፒኖፕሲን የተባለውን ብርሃን ተቀባይ ለዩ። በ2010 ናካኔና ታካሺ ዮሺሙራ ከናጎያ ሌላ አገኙ፤ ኦፕሲን 5 ይባላል፤ 420 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ሐምራዊ ሰማያዊ ይቀበላል፤ የሚገኘውም በድርጭት ሃይፖታላመስ ውስጥ ነው። ያው የዮሺሙራ ቡድን በ2008 እንዳሳየው ድርጭት ቀኑ በረዘመ በመጀመሪያው ቀን ነው የሆርሞን ምላሽ የምትጀምረው። አንድ ረዥም ቀን ይበቃታል።

ሰዓቱ የብርሃኑን ብዛት ብቻ ነው ወይስ ቀለሙንም የሚያነበው? በ1999 ሄርማን ፖል በአርክቲክ በጋ፣ ፀሐይ በማትጠልቅበት ሁኔታ ያሉ ወፎችን አስቦ ያደረገው ሙከራ መልስ አለው። የብርሃኑን ብርታት ሳይለውጥ ቀለሙን ብቻ፣ እንደ ቀትርና እንደ ምሽት፣ እያፈራረቀ ቢያሳያቸው የወፎቹ ሰዓት ከቀለሙ ጋር ተስማማ። ይፋት ላይ ይህ ወደ ሐሳብ የሚመጣው ፀሐይ ከጣርማ በር ኋላ ስትገባ ነው። ማሳው ጥላ ሆኖ ሰማዩ ገና ብሩህ ነው፤ የሚወርደውም ብርሃን ከሰማዩ የሚመጣው ሰማያዊው ነው።

የከተማ መብራት ወደዚህ ታሪክ የገባው ዘግይቶ ነው። በ2013 ዶሚኖኒ፣ ኬቲንግና ፓርቴከ ከሙኒክ አካባቢ የተያዙ፣ ብላክበርድ የሚባሉ ጥቁር ወፎችን ሌሊቱን በ0.3 ሉክስ ብርሃን ሥር አኖሯቸው። ይህ ደብዛዛ ብርሃን ነው፤ ከጨረቃ ብዙ አይበልጥም። ወፎቹ ግን ዕጢያቸው ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው ቀድሞ በሰለ። ሆላንዳውያን ደግሞ ከ2012 ጀምሮ ጫካ ዳር ነጭ፣ አረንጓዴና ቀይ መብራት በምሰሶ ሰቅለው ይከታተላሉ፤ በቀዝቃዛው የ2013 ጸደይ በነጩና በአረንጓዴው ሥር የሚኖሩ ትንንሽ ወፎች ቀድመው እንቁላል ጣሉ፤ በቀዩ ሥር ግን ልዩነቱ አልታየም። የነጭ ኤልኢዲ መብራት ከሰማያዊው በኩል ብርቱ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ዳር ያሉ ከተሞች መብራት ሲተክሉ ይህን የሚጠይቅ ማዘጋጃ ቤት ቢኖር ደስ ይለኛል።

ዶሮ አርቢዎችስ ከወፍ ሳይንቲስቶች ቀድመው ነው ያተረፉት። እንቁላል ጣይዋ ዶሮ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ትፈልጋለች፤ የኛ ቀን አይበቃትም፤ ስለዚህ አርቢው አመሻሽ ላይ አምፖል ያበራል። ጣይዋን ቀዩ ይጠቅማታል፤ ለሥጋ የሚያድገውን ጫጩት ደግሞ አረንጓዴውና ሰማያዊው እንደሚያፋፋው እስራኤላዊው ሮዘንቦይምና ባልደረቦቹ በ1999 አሳይተዋል።

በይፋት ማሳ ላይ ግን በነዚሁ ዓመታት ሌላ ሰዓት ተለወጠ፤ የማሽላው። ማሽላም ቀን ያነባል። ቀይ ብርሃንን የሚቀበለው ፋይቶክሮም በሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ይህ ንጥረ ነገር በተበላሸበት ማሽላ ላይ ተክሉ ያለ ጊዜው ያብባል። ጅጉርቲን የመሰለው የአገሩ ማሽላ በሚያዝያ ቢዘራ በግንቦት ቢዘራ ቀኑ ማጠር እስኪጀምር ይጠብቃል፤ ከዚያ የሰፈሩ ማሳ ሁሉ በአንድነት ያብባል፣ በአንድነት እሸት ይሆናል። ግሪሳ ሲመጣ ጉዳቱ ለሁሉም ይከፋፈላል። ከአለማያ ተጀምሮ ወደ መልካሳ የዞረው የማሽላ ማሻሻያ ሥራ ግን ዝናቡ እያጠረ የሄደውን ቆላ አስቦ ፈጥነው የሚደርሱ ዝርያዎች አወጣ፤ ሜኮ፣ ተሻለ፣ መልካም። እነዚህ የቀኑን ማጠር ብዙ አይጠብቁም። በሰኔ ማብቂያ ተዘርተው በአራት ወር ገደማ ይደርሳሉ። ዝናብ ሲያጥር ያተርፋሉ፤ ለዚህም ገበሬው ይፈልጋቸዋል። ነገር ግን አንዱ ብቻውን ከዘራ ማሳው ከጎረቤቱ ማሽላ ቀድሞ እሸት ይሆናል፤ ከተፈለፈለ ሳምንታት ያልሞላው የግሪሳ መንጋ ሁሉ እሱ ላይ ይወርዳል። ያንን ያየ ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት ወደ አገሩ ማሽላ ይመለሳል፣ ወይም ጣዕሙ መራራ የሆነውን፣ ግሪሳ ወድዶ የማይበላውን ዘንጋዳ በዳር ይዘራል፤ ዘንጋዳው ለጠላ ይሆናል።

ስለዚህ ፈጥኖ የሚደርስ ዝርያ የሚያከፋፍል ባለሙያ ዘሩን ለአንድ ሞዴል ገበሬ መስጠት የለበትም። በኩታ ገጠም፣ ጎረቤት ከጎረቤት፣ በአንድ ሳምንት የሚዘራ መሆን አለበት። ማማው ያን ጊዜ በየማሳው ሳይሆን በየአቅጣጫው ይቆማል፤ ልጆቹም እየተቀያየሩ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ።